«አጥንት ነው የተቀረቀረበት»

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የእንስሳት ክሊኒክ፣ ለተግባር ልምምድ የተመደበ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ጠዋት ላይ ብቻውን ተረኛ ነበር። አንዲት እናት ቡቺ የተባለ ውሻቸውን በገመድ እየሳቡ ገቡ። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ልጋጉ እንደ ክር እየተዘረጋ ደረቱን አርሶታል። «አጥንት ነው የተቀረቀረበት የኔ ልጅ፤ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም» አሉት። ተማሪው በባትሪ ጉሮሮውን ቢያይ ምንም የለም። በስስ ጓንት ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰ። ሲያወጣው ጓንቱ በክራንቻው ተቀዷል፤ ጣቱም ተጭሯል።

ውሻው ተከትቦ እንደሆነ የተጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። አልተከተበም።

የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ያገኘውን የሚናከስ ውሻ ነው። ዝምተኛው ዓይነት ግን እንዲህ ነው የሚመጣው፦ መንጋጋን የሚያዙት ነርቮች ሽባ ሲሆኑ አፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ጉሮሮም ስለማይታዘዝ ምራቅ አይዋጥም፣ ይዝረከረካል። አጥንት የያዘው ውሻ ባብዛኛው በፊት እግሩ አፉን ይቧጥጣል፣ ሊያስወጣው ይታገላል። ቡቺ ፈዝዞ ቆሟል፤ ድምፁም ጎርንኗል። ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ልጋጉ የሚፈስ ያልተከተበ ውሻ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ እንዳበደ ተቆጥሮ ነው የሚያዘው።

ሐኪሙ ደርሶ ተማሪውን በቀጥታ ወደ መታጠቢያው ወሰደው። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ቧንቧው ደርቋል፤ አንዱ ከጀሪካን በጆግ እያፈሰሰለት፣ ሰዓት ተይዞ፣ በሳሙና 15 ደቂቃ ታጠበ። የቫይረሱ ሽፋን ስብ ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። ለቅለቅ አድርጎ አልኮል ማፍሰስ አይተካውም። ከዚያ አዮዲን ተቀባ። ተማሪው ልምምድ ሳይጀምር የመከላከያ ክትባቱን ጨርሶ ስለነበር በዕለቱና በ3ኛው ቀን የሚሰጡት 2 መርፌዎች በቁት። ባይከተብ ኖሮ በዕለቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው እና ከ14ኛው እስከ 28ኛው ባለው ቀን 4 መርፌ፣ በዚያ ላይ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን የሚወጋ ሴረም፣ ማለትም ቫይረሱን የሚያከሽፍ ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል፣ ያስፈልገው ነበር። ሳይከተቡ ተማሪዎችን ወደ ክሊኒክ መላክ ፈጽሞ ልክ አይደለም።

ቡቺ ለብቻው ተዘግቶ በ3ኛው ቀን ሞተ። ጭንቅላቱ በድርብ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ በረዶ በያዘ ሣጥን፣ ጉለሌ ወደሚገኘውና ብዙ ሰው «ፓስተር» ወደሚለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተላከ። ምርመራው ትኩስ አንጎል ስለሚፈልግ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን ውስጥ አልተነከረም። ውጤቱ በሽታው እንዳለበት አረጋገጠ።

ውጤቱ እስኪመጣ ግን አልተጠበቀም። በዚያው ጠዋት ተማሪው፣ እጁ ገና እርጥብ ሳለ፣ «እማማ፣ ቤት ውስጥ የነከሰው ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ኧረ ቡቺ ማንንም አይነክስም!» አሉ፤ ቅርም አላቸው። ሐኪሙ ጥያቄውን ቀየረው፦ «እማማ፣ ሰሞኑን አፉን የከፈተለት፣ በእጁ ያጎረሰው ማነው?»

«አጥንቱን ላውጣለት ብዬ እኔው ነኝ እጄን የሰደድኩት። የልጅ ልጄም ዳቦ በወተት እያራሰ ያጎርሰዋል።»

ልጋጉ ደህና ቆዳ ላይ ቢያርፍ ታጥቦ ያበቃል፤ ጭረት፣ ቁስል፣ ዓይንና አፍ ላይ ሲሆን ነው የሚያስፈራው። የእማማ አውራ ጣት ላይ የጥርስ ጭረት ተገኘ። ልጁ ከትምህርት ቤት ተጠርቶ ሲመጣ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ነበር። ሁለቱም ታጥበው ከቀትር በፊት የመጀመሪያውን መርፌና ሴረሙን ወሰዱ።