ብርቱካንማው ጠርሙስ

ዛሬ ፊኒክስ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት የፒማ (የአሪዞና ነባር ሕዝብ) ተወላጅ ነፍሰ ጡር ለእርግዝና ስኳር በሽታ ምርመራ የሚጠጣውን ያንን ብርቱካንማ የግሉኮስ መጠጥ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ፊቷ ጭምድድ አለ። ሳቄ መጣ፤ እኔም በእርግዝናዬ ጊዜ አፍንጫዬን ይዤ ነው የጨረስኩት።

ደም እስክንቀዳ አንድ ሰዓት መጠበቅ ስላለባት ወሬ ጀመርን። እናቷ እሷን ስታረግዝ ስኳር ነበረባት። «በቃ ዘራችን ነው» አለችኝ ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ።

ዘር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! በፈረንጆቹ 1965 ጊላ ወንዝ አካባቢ በፒማዎች ላይ የተጀመረ ረጅም ጥናት ነበር። በዚያ ጥናት የአንድ እናት ልጆች ተነጻጸሩ። እናትየው ስኳር ከያዛት በኋላ የተወለዱት፣ ከዚያ በፊት ከተወለዱት ወንድምና እህቶቻቸው ይልቅ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በጣም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ያው እናት፣ ያው ቤት። ማህፀን ውስጥ የደረሳቸው ስኳር ግን ለየቅል።

ደግሞ እኮ ፒማዎች ገበሬዎች ነበሩ! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከእነሱ በላይ፣ በወንዙ ራስጌ የሰፈሩት ነጮች ውኃውን ጠልፈው አስቀሩባቸው። እርሻው ደረቀ። በኋላ ከመንግሥት ዱቄት፣ ስብና ስኳር ይሰፈርላቸው ጀመር። ይሄን ሳስብ «ዘራችን ነው» የሚለው ቃል ያንገበግበኛል።

ስኳር ከተገኘባት ከወለደች በኋላም፣ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ዳግም መመርመር እንዳለባት ነገርኳት። ባዶውን ጠርሙስ አየችው።

«ይሄንኑ እንደገና?»

«ይሄንኑ፣ እህቴ።»