ከደብተሬ ጀርባ «የቀረ» የሚል ገጽ አለ

እዚህ ደሴ ሁለት ሰው ከተገናኘ ሰላምታው ሳያልቅ ወሬው ወደ ኑሮ ይዞራል። ተወደደ፣ አልተቻለም እንባባላለን። ግን በስንት ተወደደ? ከምን ጋር ሲተያይ? ይሄን በደንብ ማወቅ ፈለግኩና የቤቴን ወጪ በደብተር መያዝ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ግሽበትንና የኑሮ ውድነትን ለየሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደውሎ «አብሽሪ፣ ግሽበቱኮ ቀንሷል» ይለኛል። እውነቱን ነው። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፣ በ2017 መጨረሻ ከ15 በታች ወረደ። የወረደው ግን የጭማሪው ፍጥነት ነው፣ ዋጋው አልወረደም። 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል። በዓመቱ ግሽበቱ በግማሽ ቀንሶ 15 በመቶ ቢሆን ያው ዕቃ 149 ብር ከ50 ነው። ደመወዝ ካልተነቃነቀ ደግሞ ግሽበት ቀነሰ ተባለ አልተባለ ጓዳዬ አያውቀውም።

ስለዚህ በብር መቁጠሩን ተውኩ። የወር ደመወዜን ለሥራ ቀናት አካፍዬ ሁሉንም ነገር በቀን አስላሁት፦ ለኪራይ ስንት ቀን እሠራለሁ፣ ለዘይት ስንት ቀን፣ ለአንድ ኩንታል ጤፍስ? ብር ያታልላል፣ የሥራ ቀን ግን አያታልልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው አሠራር ተለውጦ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ብዙ ሰው ዶላር እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ጃማ ከሚበቅል ጤፍ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ነበር። ማዳበሪያውም የጭነት መኪናው ነዳጅም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዚያ በኩል ይገናኛሉ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠቅላላ ወጪያችን ብዙም እንዳልጨመረ አየሁ፣ ገበያው ግን ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ። ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለጥኩ ሳስተያይ ነው የገባኝ፦ ዕቃዎች ከዝርዝሩ እየወጡ ነበር። ሥጋ ለበዓል ብቻ ቀረ። የልጆቹ እንቁላል ጠፋ። ብርቱካን ጠፋ። ባለቤቴ ለጥርሱ ሐኪም ቤት ሊሄድ ነበር፣ «ይደርሳል» ብሎ ተወው፣ ያልወጣ ገንዘብ ደግሞ በወጪ ደብተር ላይ አይጻፍም። ለዚህ ነው ከጀርባ «የቀረ» የሚል ገጽ የከፈትኩት። የገዛነውን ብቻ የሚጽፍ ሰው ቆጣቢ የሆነ ይመስለዋል፣ ኑሮ የተወደደበትን ልክ ግን የማገኘው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

የቅሬ መዋጮም አለ፣ ቅሬ የምንለው ዕድሩን ነው። ለቅሶ፣ ሰደቃ፣ ተስካር፣ የታመመ መጠየቅ። ቁጠባ የሚያስተምሩ ሰዎች ቀንሱት ይላሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ወሎ ውስጥ ሰው ሲወድቅ የሚያነሳው ጎረቤት ነው፣ ቅሬውን ከቀነስኩ የምቀንሰው ያንን ነው። ስለዚህ ከኪራይ ቀጥሎ፣ ከምግብ በፊት ጻፍኩት።

ደብተሩ ወደ ሥራም ገፋፋኝ። ጤፍ በየወሩ በኪሎ ስገዛ ክረምት ላይ ስንት ቀን እንደሚበላብኝ ስላየሁ፣ ከቅሬያችን ሴቶች ጋር ተነጋግረን ምርት በሚገባበት በጥር፣ ገንዘብ አዋጥተን በኩንታል ከገበሬ ገዛን፣ የመኪናውንም ተካፈልን። እትዬ፣ የጎረቤቴ እናት፣ ድሮውንም እንዲህ ነበር የምናደርገው አሉን። በርበሬና ሽሮም ወደዚያው ገባ። ሽንኩርት አልሆነልንም፣ ይበላሻል።

ሁሉም ሰው ይሄን ማድረግ አይችልም። የቀን ሠራተኛ የኩንታል ገንዘብ በአንዴ ከየት ያመጣል? በኪሎ የሚገዛው ድሃ ነው፣ ውድ የሚከፍለውም እሱ ነው፣ ይሄ ያንገበግበኛል። እኛ ቅሬ ውስጥ ላልቻሉት ቀድመን ከፍለን በየወሩ እንዲመልሱ አድርገናል።

ከጤፉ በተረፈው ገንዘብ መጀመሪያ «የቀረ» ከሚለው ገጽ ላይ የሰረዝኩት የልጆቹን እንቁላል ነው። የባለቤቴ ጥርስ ቀጣዩ ነው፣ ለሚቀጥለው ወር ጽፌዋለሁ።