ሐራራና ብቸኝነት

ታናሽ ወንድሜ ማጨስ ለማቆም ከወሰነ ወዲህ በሐሳቤ የሚመላለሰው የሳንባው ጤና ብቻ አይደለም፤ የመንፈሱም ሁኔታ ያሳስበኛል። ሲጋራ የጀመረው ክፉኛ በተጨነቀበት ወቅት ነበር፤ ኋላም ሽታው አይከብድም በሚል ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ጨመረበት። ለምን እንደሚያጨስ ሲጠየቅ ዘወትር «ያረጋጋኛል» ይላል። ቃሉን አልጠራጠርም፤ ከምን እንደሚያረጋጋው ግን መመርመር ይገባል።

ወደ ውስጥ የተሳበ ኒኮቲን፣ ማለትም ሱስ የሚያስይዘው የትምባሆ ንጥረ ነገር፣ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ደርሶ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ስለሚያደርግ፣ ለአፍታ ደስ የሚል ስሜት ይከተላል። ሆኖም በደም ውስጥ ያለው መጠን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ መነጫነጭ፣ ጭንቀትና የሐሳብ መበታተን ይመጣሉ። እንግዲህ ቀጣዩ ሲጋራ በአመዛኙ የሚያስታግሰው የቀደመው ሲጋራ ያመጣውን ሐራራ ነው፤ አጫሹ ግን ሐራራውን ከኑሮ ጭንቀቱ ለይቶ ማየት ስለሚያዳግተው እፎይታውን ሁሉ የሲጋራው ውለታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ኒኮቲን ያለበት ቬፕም በዚህ አይለይም፤ እንዲያውም ሲጋራ ተጨሶ ሲያልቅ ይጣላል፣ ቬፕ ግን እንዲህ ያለ ማብቂያ ስለሌለው እጅ ሳይታሰብ ወደ እርሱ ይመላለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመና 26 ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍ፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ከቀጠሉት ይልቅ ድብርታቸውም ጭንቀታቸውም እንደቀነሰ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ወዲያው የሚገኝ ዕረፍት አይደለም፤ ሐራራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በርትቶ በሚቀጥሉት ሳምንታት ነው የሚለዝበው። ወንድሜ በእነዚያ ቀናት ቁጡ ሲሆን ከቤተሰባችን አንዱ «እንዲህ ከምትሆን ብታጨስ ይሻልሃል» አለው። ክፋት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ሰው ድጋፍ በሚሻበት ሰዓት ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም።

የበለጠ የከበደው ደግሞ ብቸኝነቱ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ለማጨስ የሚወጣባት አፍታ የልቡን የሚያወራባትም ነበረች፤ ሲጋራውን ሲተው እርሷም አብራ ቀረች። ክሪስታኪስና ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ለረጅም ዓመታት በተካሄደው የልብ ጤና ጥናት የታቀፉ 12,067 ሰዎችን ትስስር እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2003 ተከታትለው፣ የአንድ ሰው ጓደኛ ማጨስ ሲያቆም የሰውየው የማጨስ ዕድል በ36 በመቶ እንደሚቀንስ ጽፈዋል። ከዚሁ ጥናት ይበልጥ ልቤን የነካኝ ሌላው ግኝት ነው፤ በማጨስ የቀጠሉት ሰዎች ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ማኅበራዊ ትስስሩ ጠርዝ ተገፍተዋል። አጫሽን መገሠጽና ማሸማቀቅ የሚያስፈራኝም ስለዚህ ነው፤ ጭንቀቱን የሚያካፍለው ሰው ያጣ ሰው ተመልሶ ወደ ሲጋራው ቢሄድ አያስደንቅም።

ስለዚህ ባልደረቦቹ ለማጨስ በሚወጡበት ሰዓት እደውልለታለሁ። አጭሶ እንደሆነ አልጠይቀውም፤ በራሱ ፈቃድ ሲነግረኝ ግን ሳላቋርጥ እሰማዋለሁ። ሐራራን የሚያስታግሰው የኒኮቲን ማስቲካና የባለሙያ ምክር አንድ ላይ ሲሆኑ ከየብቻቸው ይልቅ እንደሚረዱ ተነጋግረናል፤ ድብርቱ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀው አብረን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ተስማምተናል።