ምንባቡ የሚለው ሌላ፣ እኔ የማውቀው ሌላ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አገር ጉድ አለ። እኔም ከቀሩት ውስጥ ነበርኩ፤ ብቻዬን ስላልሆንኩ ሀፍረቱ ትንሽ ቀለለኝ እንጂ ውጤቱ ያው ነው። ከሁሉ የገረመኝ እንግሊዝኛዬ ነው። ፊልም ያለ አስተርጓሚ አያለሁ፣ ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ የምሠራበት ሱቅ ፈረንጅ ሲመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። ምንባብ ላይ ግን ግማሹን ጥያቄ በግምት ነበር የማጠቁረው።

በግል ለመፈተን ስመዘገብ ሰዋስውን ተውኩት። ምንባብ ብቻ እሠራለሁ አልኩ። እንዴት እንደሠራሁት ልጻፍ፤ አሁን እዚያው ውስጥ ላለ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ድሬ ላይ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ ከፀሐይዋ ጋር መስማማት አለበት። ስምንት ሰዓት አካባቢ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይተኛል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ ነፋሱ ራሱ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ረጅም ምንባብ መያዝ ራስን መቅጣት ነው። እኛ የምናነበው ማታ ነበር፤ ነምበር ዋን ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ምንጣፍ ዘርግተን። እኛ ስል እኔ፣ የአክስቴ ልጅ እና እሷም በግል የምትፈተን ጎረቤታችን። መብራት ከሄደ የስልክ ባትሪ አለ።

ከቴሌግራም የወረዱ የድሮ ፈተናዎችን መጀመሪያ ስልክ ላይ ነበር የምናነበው። ይሄ አልሠራም። ጥያቄውን ለማየት ወደ ታች፣ መልሱን ለማረጋገጥ ወደ ላይ፣ በመሀል ደግሞ መልእክት ይገባል፣ እሱን አይተሽ ስትመለሺ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደነበርሽ ጠፍቷል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን በወረቀት አሳተምነው። ከዚያ በኋላ እርሳስ ይዘን ነው የምንቀመጠው። እርሳስ የሌለው ሰው ምንጣፉ ላይ አይቀመጥም፣ ሕጉ ይሄ ነበር።

ትልቁ ነገር ግን የጀመርነው በአማርኛ መሆኑ ነው። ሐሳቡ የአክስቴ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ሲያቅተን ሁላችንም "ቃሉን ስለማላውቀው ነው" እንላለን። አማርኛ ላይ ይሄ ማመካኛ የለም። ቃሉን ሁሉ እያወቅሽ ጥያቄውን ከሳትሽ ችግሩ አነባበብሽ ላይ ነው ማለት ነው። እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ አጭር ምንባብ ጻፈልን፣ ያውም የድሬ ልጅ ሁሉ በሚያውቀው ነገር፦

"የኢትዮጵያና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲጀመር መስመሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ሥራውን ከባድና ውድ ስለሚያደርገው ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲዘረጋ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ወደ ስፍራው ሲደርስ በጣቢያው ዙሪያ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ኩባንያው ግን የገንዘብ ችግር ስለገጠመው ሥራው ለዓመታት ቆመ። ባቡሩ በሌላ ኩባንያ እጅ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።"

ይቺ ናት። ልጅ ያነባታል። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በምንባቡ መሠረት ባቡሩ ሐረር ያልገባው ለምንድን ነው? ሀ. ነዋሪው ስላልፈለገ። ለ. ተራራው ሥራውን ከባድና ውድ ስለሚያደርገው። ሐ. ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው። መ. ድሬዳዋ ትልቅ ከተማ ስለነበረች።

ያን ማታ የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆነ ጎረቤታችን ሻይ ይዞ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ዕድሜውን ሁሉ ሐዲድ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው፣ ፈረንሳይኛውም እስካሁን አልጠፋበትም። (በድሬ ልማድ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው፤ የመሀል አገር ሰው ሲሰማን ይደነግጣል።) ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ሳቀ።

"አቦ! ይሄን እኔን ትጠይቁኛላችሁ?"

"መልሱ የቱ ነው ታዲያ፣ ጋሼ?"

"ሐ ነዋ። ገንዘብ አልቆባቸው ነበር፣ ማን የማያውቀው ነገር ነው።"

"ምንባቡ ላይ የት ጋ አየኸው?"

ጣቱን አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አሳረፈ። "ይኸው፣ 'የገንዘብ ችግር ስለገጠመው' ይላል።"

"እሱ ሥራው የቆመበት ምክንያት ነው። ሐረር ያልገባበት አይደለም።"

ዝም ብሎ እንደገና አነበበው። ከዚያ ቀና አለና፣ "እሺ፣ ተራራው ሥራውን ውድ ያደርገዋል ይላል አይደል? ውድ ማለት ገንዘብ አይደለም እንዴ?" አለ።

እዚህ ላይ ተፋጠጥን። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ጎረቤቴ ናት የፈታችው። ውድ ይሆናል ብለሽ ገና ሳትጀምሪ ሌላ መንገድ መምረጥ አንድ ነገር ነው፣ ጀምረሽ ኪስሽ ሲራቆት ማቆም ሌላ ነገር ነው አለች። አንደኛው ውሳኔ ነው፣ ሁለተኛው ችግር። ጊዜያቸውም ይለያያል፤ ውሳኔው ከ1902 በፊት ነው፣ መቆሙ ከ1902 በኋላ። ጋሼ አመነ። ግን ወዲያው ሌላ አመጣ፤ "ምንባባችሁ ጎደሎ ነው፣ ኢልግን አላነሳም" አለ። እውነቱን ነው። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ደግሞ ለጥያቄው የለም።

እኔ በዚያ ማታ የገባኝ ነገር ጋሼን የጣለው ዕውቀቱ መሆኑ ነው። ብዙ ስለሚያውቅ ምንባቡን አላነበበውም፤ በዓይኑ ዳሰሰውና ከራሱ መለሰ። እኔም ፈተና ላይ ስለ ወባ፣ ስለ ኢንተርኔት ወይም ስለ አየር ንብረት የሚያወራ ምንባብ ሲመጣልኝ "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ርዕስ ሲመጣ ነው የምጠነቀቀው። የማላውቀውን ርዕስ ስለምፈራው ቃል በቃል ነው የማነበው፤ የማውቀው ነው የሚያስተኛኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ የባሰ ነበር፦ ከምንባቡ ተነስተን የትኛውን ማለት እንችላለን? አንዱ ምርጫ "የባቡሩ መምጣት ሐረርን አዳከማት" ይላል። ሌላው "ድሬዳዋ ባቡር ያየችው ከአዲስ አበባ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድማ ነው" ይላል። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት ነዋ። ግን አምስቱን ዓረፍተ ነገር ገልብጠሽ ብታይው ባቡሩ ከመጣ በኋላ ሐረር ምን እንደሆነች አንድ ቃል የለም። ሁለተኛው ደግሞ እንዳለ ባይጻፍም 1902 እና 1917 ቁጭ ብለዋል፣ መቀነስ ብቻ ነው። "እናስተውላለን"፣ "እንረዳለን" የሚሉ ጥያቄዎች ሁሉ እንደዚህ ናቸው። መልሱ አልተጻፈም፣ መነሻው ግን ተጽፏል። ጣቴን የማሳርፍበት ቦታ ከሌለ አላጠቁርም።

የጣት ነገር እንደዚህ ሕግ ሆነ። መልስ የሰጠ ሰው "የት ጋ?" ይባላል። ማሳየት ካቃተው መልሱ ትክክል ቢሆንም አይቆጠርለትም። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ በተለይ ትክክል ስትሆኚ።

ከዚያች ምንባብ ሌላም ነገር ወጣ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እዩት፤ "በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር"። በችኮላ ያነበበ ሰው "በሐረር በኩል" የሚለውን ይዞ ይሄዳል። ጉዳዩ ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ታሰበ እንጂ አልሆነም። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሺ ከሄድሽ ማን ምን እንዳደረገ ሳይሆን ምን ምን እንደተነሳ ብቻ ነው የሚቀርሽ። "ተብሎ ይወራል"፣ "ማለት አይቻልም"፣ "ሳይሆን አልቀረም"፤ እነዚህ ሁሉ ጅራት ላይ ቁጭ ብለው ነገሩን ይገለብጡታል። እንግሊዝኛ በተቃራኒው ማሰሪያውን ቀድሞ ይሰጥሽና በኋላ "አንለስ" ወይም "ኤክሰፕት" ብሎ ይነጥቅሻል። በሁለቱም ቋንቋ ነጥቡ ድረስ መሄድ ነው።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመጣ የጨመርነው ነገር ትንሽ ነው። አንድ አንቀጽ ስንጨርስ እርሳሱን አስቀምጠን፣ ወረቀቱን ሳናይ፣ አንቀጹ ምን እንዳለ በአማርኛ አንድ መስመር እንናገራለን። ከዚያ ጠርዙ ላይ እንጽፈዋለን፤ "ችግሩን ይናገራል"፣ "ምሳሌ ብቻ"፣ "ከላይ ያለውን ይቃወማል"። ምሳሌ ብቻ የሆነውን አንቀጽ ለይቶ ማወቅ ጊዜ ያተርፋል፣ ምክንያቱም ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከምሳሌው የተወሰደ ምርጫ ሁልጊዜ አለ፣ ሁልጊዜም ያምራል። "ሃውኤቨር"፣ "ኦልዞው"፣ "ዘርፎር" ላይ ክብ እናደርጋለን። "ኢት"ና "ዘይ" ላይ ደግሞ ወደ ባለቤታቸው ቀስት እንስባለን። የማላውቀው ቃል ሲመጣ ከሥሩ አሰምሬ አልፋለሁ፤ አንቀጹ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገለጣል፣ ካልተገለጠም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ጥያቄውን አስቀድመሽ አንብቢ የሚሉ አስጠኚዎች አሉ። ሞክሬዋለሁ፣ ለእኔ አይሆንም። ጥያቄውን ይዤ ስገባ የጠፋብኝን ዕቃ እንደምፈልግ ሰው ነው የምሆነው፣ የቀረውን ቤት አላየውም። ርዕሱንና የጥያቄውን ዓይነት ገረፍ አድርጌ አይቼ፣ ምንባቡን አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ጥያቄው የምሄደው። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ግን አንድን አንቀጽ ደጋግሞ ከመመላለስ ይፈጥናል። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደግሞ ሁላችንም ይደክመናል፣ ጸሐፊው ደግሞ የራሱን አቋም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ልምምድ ላይ አንዳንዴ የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ ቆርጠን "ከዚህ በፊት ምን ተብሎ ነበር?" እያልን እንገምት ነበር። እንደ ጨዋታ ነው፣ ይስቃል ሰው፣ ግን መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር የተሳሰረ መሆኑን ያሳይሻል።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር። አለፍኩ፤ እንግሊዝኛው ከሁሉም የተሻለው ሆኖ መጣ። ጎረቤቴም አልፋለች። የአክስቴ ልጅ አሁን ታናናሾቹን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ "የት ጋ?" እያለ ያስለቅሳቸዋል።

እኔን አሁንም የሚያስቸግረኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ፤ የጸሐፊው ስሜት ምንድን ነው የሚለው። ይደግፋል? ይተቻል? ይጠራጠራል? እዚህ ላይ ጣት የሚያርፍበት ዓረፍተ ነገር የለም፣ ያለው አንዳንድ ቃል ነው። "ሥራው ለዓመታት ቆመ" እና "ሥራውን ለዓመታት ጥለውት ጠፉ" ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ሁለተኛውን የጻፈው ሰው ግን ተናዷል። አሁን ማታ ማታ የምሠራው ይሄን ነው። አንድን ዜና ከሁለት ቦታ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀምጥና፣ አንዱ ላይ ያለውን ሌላው ላይ የሌለውን ቃል በእርሳስ አጠቁራለሁ። የተጠቆሩትን ብቻ ለይቼ ሳነብ ሰውየው ማንን እንደሚወድና ማንን እንደማይወድ ብዙ ጊዜ ይገባኛል። ስፖርት ዜና ላይ ይቀላል፣ ከዚያ ነው የጀመርኩት።