ሰው ለካ አላልኩህም

ነገሩ ከሆነ ቆይቷል። ትዝ ሲለኝ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ቦታው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ መውረጃው ላይ ነው። አንድ እንጨት ነጋዴ የቆመ ባሕር ዛፍ ገዝቶ ያስቆርጣል። ከባለመሬቶቹ ጋር በስፋቱ አልተስማሙም፣ ቀያሽ ተፈለገ፣ እኔ ሄድኩ። ቶታል ስቴሽኔን፣ ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን መሣሪያዬን፣ ከሸለቆው ወዲህ ተከልኩ። ፕሪዝም፣ የመሣሪያውን ጨረር የሚመልሰውን መስታወት፣ የሚይዝልኝ ልጅ ደግሞ ወዲያ ማዶ ድንበሩን ተከትሎ ይሄዳል።

ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ አብዛኛው ለአጣና የደረሰ ቀጭን ነው። ድንበሩ ላይ ግን ለዓመታት ያልተነኩ ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። አንደኛው ሥር ጋሼ ሞተር መጋዛቸውን አስነስተዋል። ጋሼ የምላቸው ቆራጩን ነው፤ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ቁልቁል፣ ቀደም ብሎ በተቆረጠው ላይ፣ አራት ሴቶች ቅጠልና ጭራሮ ይለቅማሉ። እንጦጦን የሚያውቅ እነዚህን እናቶች ያውቃቸዋል። ከራሳቸው የሚበልጥ ሸክም በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ከተማ የሚወርዱት ናቸው።

በሌንሱ ሳያቸው ደነገጥኩ።

ዛፍ ሲጣል ሌላ ሰው ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለእንጨት ቆራጮች የሚያዘው ይህንኑ ነው፤ ግንድ ሊንሸራተት ወይም ሊንከባለል በሚችልበት ተዳፋት ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ዛፍ እኮ ቁመቱን ያህል ቦታ ይዞ ዝም አይልም። ይንሸራተታል። ቅርንጫፉ ተሰብሮ ይወረወራል። ሌላውንም ገፍቶ ይጥላል።

የቸገረኝ ርቀቱ ከእኔ እስከ እነሱ ያለው አለመሆኑ ነው። ከጋሼ እስከ ሴቶቹ ያለው ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱም ጋ የለሁም። ሜትር ይዞ ይሂድ ብትል፣ የላክኸው ሰው ራሱ ዛፉ መውደቂያ ላይ ሊቆም ነው። መሣሪያው ግን ለዚህ መላ አለው። ካለህበት ሳትነቃነቅ ሁለቱን ነጥቦች ታነጣጥራለህ። ሁለት ርቀትና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ይይዛል፤ የሦስት ማዕዘኑን ሦስተኛ ጎን ራሱ አስልቶ ይሰጥሃል።

ግንዱ ላይ አነጣጠርኩ፤ 84 ሜትር። ሥሩ ከእኔ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነበር፤ ጫፉ 18 ዲግሪ ተኩል ወደ ላይ። ቁመቱ 28 ሜትር ማለት ነው። እጥፉ 56። ሌዘር ሰው ላይ አይነጣጠርምና ሴቶቹ አጠገብ ያለ ጉቶ መረጥኩ። 31 ሜትር አለኝ። ማዕዘኑ 32 ዲግሪ። ስክሪኑ ላይ 60 ሜትር ወጣ።

ተመስገን ብዬ ተነፈስኩ።

ወዲያው ግን 31 የሚለው ቁጥር ጎረበጠኝ። ሸለቆው ራሱ ከ31 ሜትር ይሰፋል! ዓይኔን ከሌንሱ አንስቼ ሳይ፣ ከእኔ በታች ካለ ባሕር ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ መሐል ላይ ተንዘርግቷል። ጨረሩ ጉቶው ጋ አልደረሰም፤ ቅጠል ነክቶ ነው የተመለሰው። ነፋሱ ቅርንጫፉን ገለል እስኪያደርገው ጠብቄ ደግሜ ለካሁ። 70 ሜትር። ሦስተኛው ጎን በአግድም 44 ሜትር ተኩል ሆነ፤ ጉቶው ከዛፉ ሥር 15 ሜትር ዝቅ ማለቱ ሲታሰብ 47። አንዲት ቅጠል ናት 60 ያደረገችው።

ነጋዴው አይሱዙውን ተደግፎ ስልክ ያወራ ነበር። ሄጄ ነገርኩት።

«ሥራውን ያስቁሙልኝ፤ ሴቶቹ ቅርብ ናቸው።»

«የትኞቹ ሴቶች?»

አሳየሁት።

«የእኔ ሠራተኞች አይደሉም እኮ።»

«ዛፉ ሲወድቅ ሠራተኛ መሆናቸውን አይጠይቅም።»

«ስማ ወንድሜ፣ መሬት ለካ ነው ያልኩህ። ሰው ለካ አላልኩህም።»

ይህችን ቃል ነው የማልረሳው። ሲናገራት አልተቆጣም፤ ተረጋግቶ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ ሰውዬውም ጋሼ ራስ ላይ ሄልሜት አድርጎላቸዋል። ቅጠል ለቃሚዎቹ ግን ደመወዝ መክፈያው ላይ ስማቸው የለም። ስለዚህ እሱ ዓይን ውስጥም የሉም።

መልስ ሳልሰጠው ለልጁ ደወልኩ። «ከላይ በኩል ዙርና ጋሼን አስቁማቸው። ከፊት እንዳትገባ!» ልጁ ፕሪዝሙን ጥሎ ሮጠ። ሲያዩት መጋዙን አጠፉ፤ ሸለቆው ጸጥ አለ። ስልኩን ተቀበሉት።

«ስንት አልክ ልጄ?»

«47 ሜትር፣ ጋሼ።»

«ለዚህ ዛፍ?» ዝም አሉ። «ከዚህ ሆኜ ሩቅ መስለውኝ ነበር።»

አልተከራከሩኝም። ራሳቸው ወርደው ሴቶቹን ወደ ጎን አርቀው ወሰዷቸው። ከዚያ ተመልሰው ዛፉን ጣሉት።

አወዳደቁን በሌንሱ አየሁት። መሬት ሲመታ አቧራው ተነሣ፤ ግንዱም ቁልቁል ተንሸራተተ። ጫፉ ተሰብሮ ብቻውን እየተንከባለለ ወረደ። የቆመው ካነጣጠርኩበት ጉቶ ስድስት ሜትር ሲቀረው ነው።

ነጋዴው ከኋላዬ መጥቶ «ደረሰ? አልደረሰም!» አለኝ።

«28 ሜትር ዛፍ እኮ ነው 41 ሜትር የሄደው» አልኩት።

«47 ላይ ናቸው አላልክም? አልደረሰም አይደል!» ሳቀ። ማታ ሲከፍለኝ ሥራ የቆመበትን ሰዓት ቀነሰብኝ።

ያን ጊዜ የምመልስለት አጣሁ። አልደረሰም ያለው እውነት ነው። ግን ስድስት ሜትር እኮ ከአንድ የአጣና ቁመት ብዙም አይበልጥም። የሚቀጥለው ዛፍ የት እንደሚቆም እሱ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ጋሼም አያውቁም። እጥፍ የሚባለው ለዚህ ነው።

ዕቃዬን ከመሸከፌ በፊት ወዲያ ማዶ ተሻገርኩ። ከሴቶቹ ትልቋ ጠሩኝ።

«አንተ ነህ ያስነሣኸን?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ስንት መራቅ አለብን?»

«56 ሜትር» ልል ነበር፤ ተውኩት። «እንዲህ ላለው ትልቅ ዛፍ ሰማንያ እርምጃ ያህል። ቁልቁል ከሆነ ይጨምሩበት።»

ሸክማቸውን አላወረዱም። እማማ ራሳቸው ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ተነሥተው ጮክ ብለው እየቆጠሩ ወረዱ። ቀድሞ አጠገቧ ሲለቅሙ የነበሩባትን ጉቶ አልፈው ሄዱ። ሰማንያ ሲሉ አንድ ድንጋይ አጠገብ ነበሩ፤ ሸክማቸውን አውርደው ገመዱን ፈቱና ድንጋዩ ላይ አኖሩት።

ማዶ ተመልሼ አነጣጠርኩ። ከዛፉ ጉቶ እስከ ድንጋዩ 58 ሜትር።