«ክሊን» ስንል ምን ተወገደ ማለታችን ነው?

የጎረቤቴ ልጅ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የውኃ ፈረቃችን በደረሰበት ምሽት፣ ባልዲና ጀሪካን ደርድረን የቧንቧውን ድምፅ ስንጠባበቅ ደብተሯን ይዛ መጣችና የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን እንድመለከትላት ጠየቀችኝ። ትእዛዙ «ክሊን» ለሚለው ቃል አምስት ተመሳሳይ ቃላት ፈልጋችሁ በእያንዳንዳቸው ዓረፍተ ነገር መሥርቱ የሚል ሲሆን፣ እርሷም «ፒዩር»፣ «ኒት»፣ «ታይዲ»፣ «ስፖትለስ» እና «ስተራይል» የሚሉትን ከስልክ ላይ ለቅማ ጨርሳለች። አምስተኛው ዓረፍተ ነገሯ «ማይ ማዘር ኢዝ ስተራይል» ይላል። እናቷ እዚያው በራችን ላይ ተራዋ ደርሶ ደረጃውን ትወለውል ነበርና ሳቄን ዋጥ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

ቃሉ ለቀዶ ሕክምና መሣሪያ፣ ለመርፌና ለቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ሲነገር ከጀርም የጸዳ ማለት ነው፤ ለሰው ሲነገር ግን መካን ማለት ነው። ልጅ እናቷን መካን ናት ብላ መጻፏ ያስቃል፤ ይሁን እንጂ እኔም ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ስሠራ «ክፍሎቻችን ስተራይል ናቸው» የሚል ማስታወቂያ ጽፌ በር ላይ ለጥፌ ነበርና አንድ እንግዳ «ቀዶ ሕክምናው ስንት ሰዓት ይጀመራል?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ለሳምንት ያህል ተሰቅሎ ስለነበር፣ ለመፍረድ መብቱ የለኝም።

ስሕተቱ የልጅቱም የእኔም ብቻ አይመስለኝም። «ክሊን» አንድ ነገር መኖሩን ሳይሆን አንድ ነገር መወገዱን የሚናገር ቃል ነውና፣ ተመሳሳዩን ከመፈለግ በፊት የተወገደው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የተወገደው ጀርም ከሆነ አንድ ቃል አለው፣ ነጠብጣብ ከሆነ ሌላ፣ ባዕድ ቅልቅል ከሆነ ደግሞ ሌላ። «ስፖትለስ» በቁሙ ነጠብጣብ የሌለበት ማለት ነው፤ ከላቲን የመጣው «ኢማኪዩሌት» የሚለው ትልቅ ቃልም ቢሆን ሥሩ ሲገለጥ የሚናገረው ይህንኑ ነጠብጣብ ነው። «ፒዩር» ያልተቀላቀለ ነው። «ታይዲ» ግን ከቆሻሻ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ዕቃ በየቦታው መቀመጡን ነው የሚናገረው። የክረምቱ ጥቁር አፈር በጫማ ገብቶ ወለሉን ያጨቀየው ቤት፣ ዕቃው በሥርዓት እስከተደረደረ ድረስ፣ «ታይዲ» ሊባል ይችላል፤ «ክሊን» ግን አይባልም።

ጥንቅቅ ያለ ማለት የሆነው «ኒት» ላይ ስንደርስ ትንሽ ቆየሁ፤ የምወደው ቃል ነውና። «ኒት» እና በሒሳብ መዝገብ ላይ የምናገኘው «ኔት» ከአንድ የፈረንሳይኛ ቃል የወጡ ወንድማማቾች ናቸው፤ የሁለቱም የሩቅ ሥር በላቲን የሚያበራ ማለት ነው። ወጪው ሁሉ ሲወገድ የሚቀረው ትርፍ በእንግሊዝኛ «ኔት» የተባለው ንጹሕ ሆኖ ስለቀረ ነው። እኛም ማንም ሳያስተምረን «የተጣራ ትርፍ» እንላለን። ጠራ፣ አጣራ፣ ተጣራ፤ ሻይም ይጣራል፣ የተጠርጣሪ ጉዳይም ይጣራል። በየቀኑ «ጥሩ ነው» የምንለው ቃል ራሱ ከዚሁ ከ«ጠራ» የመጣ ሲሆን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታቦቱ «በጥሩ ወርቅ» ሲለበጥ «ጥሩ» ማለት መልካም ሳይሆን ያልተቀላቀለ ማለት ነው። ቅቤ ሲሆን ደግሞ አይጣራም፤ ይነጠራል፤ ቤትም ይጸዳል እንጂ አይነጠርም። «ንጹሕ ልብ» እንላለን፣ «ጽዱ ልብ» ግን ማንም አይልም፤ «ጽዱ» ለከተማና ለግቢ የተተወ ይመስላል።

በግሦቹ በኩል እንግሊዝኛ ከእኛ ይልቅ ቆጣቢ ያልሆነበት ቦታ አለ። እኛ ወለልም፣ እንባም፣ አፍንጫም እንጠርጋለን። እንግሊዝኛ ግን በመጥረጊያ ሲሆን «ስዊፕ»፣ በጨርቅ ወይም በእጅ ሲሆን «ዋይፕ» ብሎ ይለያል፤ ልጅቱም «አይ ስዌፕት ማይ ቲርስ» ብላ የጻፈችውን እንባ በመጥረጊያ አይጠረግም ብዬ አስተካከልኩላት። ሲያነቡትም ወጥመድ አለ፦ «ክሊን» በረጅሙ ይነበባል፤ «ክሌንሊነስ» እና ኮስሞቲክስ ቤት የሚሸጠው «ክሌንዘር» ግን ፊደላቸው ያው ሆኖ ድምፃቸው ያጥራል።

ቃሉ «ፈጽሞ» የሚል ፍቺ ሲይዝ ደግሞ ከእኛው ጋር ይገናኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንድን ነገር ጨርሶ ሲረሳው «ክሊን» ረሳሁት ይላል። የእኛ «ሙልጭ» ያለው ጠባይ ይኸው ነው፤ ሰውነትን ሙልጭ አድርጎ መታጠብ አለ፣ ሙልጭ አድርጎ መካድም አለ፣ ሙልጭ ያለ ድሃም አለ። ሌባ ቤት ሲገባ በእንግሊዝኛ ያጸዳል፣ በአማርኛ ጠርጎ ይወስዳል።

አንዳንድ ጊዜ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ያንኑ ነገር ከተለያየ ወገን ያዩታል። አንድ ቡድን ግብ ሳይገባበት የጨረሰው ጨዋታ በእንግሊዝኛ «ክሊን ሺት» ነው፤ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ማለት ነው። የእኛ የስፖርት ጋዜጠኛ «መረቡን ሳያስደፍር ወጣ» ይላል፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ወረቀት ሳይሆን ክብር ነው። ጲላጦስ እጁን ታጥቦ ከዚህ ጻድቅ ሰው ደም ንጹሕ ነኝ ካለበት ከአንዱ ጥቅስ እንግሊዝኛ እጅ መታጠቡን ወሰደ፣ አማርኛ ደግሞ «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» የሚለውን ወሰደ፤ ሁለቱም ዛሬ ከደም ጋር ምንም በማያገናኝ ተራ ጉዳይ ላይ ይነገራሉ። ስለ ገንዘብ አጠባ ሰው ሁሉ ያወራል፤ አዋጅ ቁጥር 780/2005 ግን እጥበቱን ትቶ «በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብን ወይም ንብረትን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ብሎት ነበር። ይረዝማል፤ ነገር ግን ልክ ነው እላለሁ፤ እንዲህ ያለው ገንዘብ የታጠበ ይምሰል እንጂ አልታጠበም።

በመጨረሻ አምስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሰርዘን «ዘ ኒድል ኢዝ ስተራይል» አልንና እናቷ በ«ክሊን» እንድትቀር ተስማማን። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ውኃው መጣ፤ ሲጀምር እንደ ልማዱ ደፍርሶ ነበር። ልጅቱ ባልዲው ላይ አጎንብሳ «ጋሼ፣ ይኼስ ምን ይባላል?» አለችኝ።

«ገና አልጠለለም ይባላል» አልኳት።

በእንግሊዝኛስ ብላ አፈጠጠችብኝ። ውኃ ወይም ጠላ ሳይነካ ተቀምጦ፣ ዝቃጩ ወርዶ ላዩ ሲጠራ የምንለውን ይህን «ጠለለ» በአንድ ቃል የሚመልስ እንግሊዝኛ አጣሁለት፤ «ሰትል» መውረዱን ይናገራል፣ «ክሊር» መጥራቱን፣ እኛ ሁለቱን በአንድ ቃል እንላለን። ባልዲውን ከድነን ወደየቤታችን ገባን። ጠዋት ክዳኑን ሳነሣው ቀጭን ቡናማ አፈር ከታች ተኝቷል፤ ከላይ ያለው ውኃ ኩልል ብሏል፤ እንዳይደፈርስ በጣሳ ቀስ እያልኩ ቀዳሁት።