ዝምተኛው ሳሙራይና የሞስኮው ልጅ

ቺካጎ በመጣሁ ሰሞን ከቴሌቪዥኑ ሁሉ እስከ መጨረሻው የምከታተለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ «ሳሙራይ ጃክ» የሚባል ካርቱን። ዜናው ይሮጥብኛል። በአስቂኝ ድራማው ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ገና ያለፈውን ዓረፍተ ነገር እየፈታሁ ነው። ጃክ ግን እምብዛም አይናገርም። ይጓዛል፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ሣሩ ይወዛወዛል፣ ሰይፉን ይመዝዛል። አኩ የተባለ ጋኔን ከዘመኑ ነቅሎ ወደ ሩቅ መጪ ጊዜ ስለወረወረው የሚመለስበትን በር ይፈልጋል። አንዳንዴ ያገኘዋል፤ ሊገባ ሲል ግን የተቸገረ ሰው ያያል፤ ያንን ሲረዳ በሩ ያመልጠዋል።

አብረውኝ ይኖሩ የነበሩት ጋሼ፣ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ጠባቂ፣ መጀመሪያ «ይሄን የሚያህል ሰውዬ ካርቱን ያያል?» ብለው ሳቁብኝ። ብዙም ሳይቆዩ ከሥራ ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ «ያ ልጅ አገሩ ገባ?» ይሉኝ ጀመር።

የካርቱኑ ፈጣሪ ጌንዲ ታርታኮቭስኪ እሱ ራሱ ስደተኛ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሞስኮ ተወለደ፤ በ7 ዓመቱ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ይዞት መጣ፤ መጀመሪያ ኦሃዮ፣ ቀጥሎ እዚሁ ቺካጎ። አባቱ በሶቪየት ኅብረት የባለሥልጣናትን ጥርስ ያክም የነበረ ሐኪም ነው። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው አባቱ ሞተ፤ ቤተሰቡ በመንግሥት ድጋፍ ወደሚሰጥ ቤት ተዛወረ፤ እሱም እየሠራ ይማር ጀመር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማንኛውም የስደተኛ ልጅ ያውቀዋል። ቤተሰቡ እንጀራ የሚያበላ ሙያ እንዲይዝ ፈለገ፤ እሱም ማስታወቂያ ሊማር ኮሌጅ ገባ። ለምዝገባ ግን ዘግይቶ ስለደረሰ የአኒሜሽን ክፍል ደረሰው። ልጆቻችንን ወደ ሕክምናና ወደ ምህንድስና የምንገፋ ወላጆች ይህን ባናነበው ይሻለናል።

ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ሄዶ ካልአርትስ በተባለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። በተማሪነቱ የሠራት አጭር ፊልም አድጋ በ1996 «የዴክስተር ላቦራቶሪ» የተባለ ተከታታይ ካርቱን ሆነች። ዴክስተር ቤቱ ውስጥ ምስጢራዊ ላቦራቶሪ ያለው ትንሽ ሊቅ ነው፤ ወላጆቹና እህቱ እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ ሲናገሩ እሱ ብቻ የባዕድ ቅላጼ አለው። ፈጣሪው ሲጠየቅ፣ ልጁ ራሱን እንደ ታላቅ ሳይንቲስት ስለሚቆጥር ነው፤ ታላላቅ ሳይንቲስቶች ደግሞ ቅላጼ አላቸው የሚል መልስ ሰጥቷል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ ውስጥ አንድም ሰው «ከየት ነህ?» አይለውም። እዚህ የተወለደች ልጄ አንድ ቀን ስታየው ቆይታ «አባዬ፣ ልክ እንደ አንተ ነው የሚናገረው» አለችኝ። ሙገሳ አድርጌ ወሰድሁት።

«ሳሙራይ ጃክ» በ2001 ሲጀምር ገጸ ባሕርያቱን የሚከብበው ጥቁር መስመር ቀረ፤ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ሆኑ። በ2019 የመጣው ሌላው ካርቱኑ «ፕራይማል» ደግሞ ዋሻ ኗሪና ዳይኖሰር የሚጓዙበት፣ ንግግር የሌለው ነው ማለት ይቻላል። የቋንቋ አጥር ምን እንደሆነ በልጅነቱ የቀመሰ ሰው ሥራ ይመስለኛል። ስለ ስደት የተደረጉ ንግግሮችን ብዙ ሰምቻለሁ፤ አንዳቸውም የዚያን ዝምታ ያህል አልገቡኝም።

ችግሩ ካርቱኑ በ2004 ጃክ ሳይመለስ መቋረጡ ነው። መደምደሚያው የመጣው በ2017 ነው። በታሪኩ ውስጥ 50 ዓመት አልፏል፤ ጃክ ጢም አብቅሏል፣ ሰይፉ ጠፍቶበታል፣ ግን አያረጅም። ጋሼ ያኔ ወደ ሌላ ግዛት ሄደው ነበርና ደወልሁላቸው።

«ገባ» አልኋቸው። «አኩንም ገደለው። ግን የመለሰችው ልጅ የአኩ ልጅ ነበረች፤ አኩ ከሌለ እሷም አትኖርምና በሠርጋቸው ዕለት ጠፋች።»

«ገብቷል አይደል?» አሉ። «ሙሽራ አያጣም።» ከዚያም ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወሩኝ ጀመር።